ታርጌት ሳይለቁ የጓደኛን ፔት ሂል ማድረግ፦ ማክሮ የምታውቁ እስቲ ተባበሩን

ነጭ_ሻማ

ሰላም ለሁላችሁ።

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ክላሲክ የሚባለው የኦንላይን ጌም ላይ ፕሪስት ነኝ፤ ሂል አደርጋለሁ፣ ማለትም አክማለሁ። ወንድሜ በቀስት የሚዋጋ ሀንተር ነው። እሱ ቨርጂኒያ፣ እኔ አዲስ አበባ። የምንጫወተው ሁለታችን ብቻ ስለሆንን ታንክ፣ ማለትም ዱላውን የሚቀበልልን ሰው የለንም። ታንካችን የሱ ፔት (አብሮት የሚዋጋ እንስሳ) ነው፤ ቡቺ የሚባል ከርከሮ። ቡቺ አውሬውን ይይዛል፣ ወንድሜ ከርቀት ይተኩሳል፣ እኔ ደግሞ ቡቺ እንዳይሞት እጠብቃለሁ።

ችግሬ ይኸውላችሁ። ጠላቱን ታርጌት አድርጌ (መርጬ) ሻዶ ወርድ ፔይን የሚለውን አስማት ለጥፌ በዋንድ (በአስማት በትር) እመታዋለሁ። የቡቺ ደም ሲወርድ ጠላቱን ለቅቄ ቡቺን ክሊክ አደርጋለሁ። ሂል ካደረግኩት በኋላ ወደ ጠላቱ ለመመለስ ታብ ስጫን ሌላ፣ ገና ያልነካነው አውሬ ይመረጥብኛል። በዋንድ አንዴ ከተመታ አለቀ፣ እሱም መጣ። አንዱን ሳንጨርስ ሁለት ይሆናሉ።

ቡቺን ክሊክ ማድረግም ራሱ ጣጣ ነው። ሦስት አውሬ ከከበበው ከመሃላቸው እሱን ለይቶ መጫን አይቻልም።

ታርጌቴን ሳልለቅ ቡቺን ሂል የማደርግበት ማክሮ (በአንድ ቁልፍ የሚሠራ አጭር ትእዛዝ) እንዴት ይጻፋል? እባካችሁ ለምን እንደሚሠራም ንገሩኝ። ያልገባኝን ነገር ኮፒ አድርጌ መጠቀም አልወድም። ለውጥ ካለው፣ ፒንጌ (ከሰርቨሩ ጋር ደርሶ መልስ የሚፈጀው ጊዜ) ከ200 ሚሊሰከንድ በታች አይወርድም።

ቀስተኛው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን በደንብ ስላስቀመጥሽው መልሱም ቀላል ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ኮዶቹን እዚህ በፊደላችን የምጽፋቸው ለንባብ እንዲመች ነው። ጌሙ ውስጥ ስታስገቢያቸው በእንግሊዝኛ ፊደል መሆን አለባቸው።

ላንቺ የሚሆነው ይሄ ነው፦

#ሾውቱልቲፕ ፍላሽ ሂል
/ካስት [@ፓርቲፔት1,ኤግዚስትስ,ኖዴድ] ፍላሽ ሂል

አሁን አንድ በአንድ እንየው። የመጀመሪያው መስመር ሂሉን የሚነካው ነገር የለም። ቁልፉ ላይ የፍላሽ ሂልን ሥዕልና መግለጫ ያሳይሻል፣ በቃ።

ሥራው ያለው ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። «አት» ምልክቷ «ይሄን አስማት እዚህኛው ላይ ጣል» ማለት ናት። ታርጌትሽ ማንም ይሁን ማን አትነካውም። ጠላቱን እንደያዝሽ ሂሉ ቡቺ ላይ ያርፋል። ፓርቲፔት1 የሚባለው የፓርቲሽ (የቡድንሽ) አንደኛ አባል ፔት ነው። ፓርቲው ውስጥ አንቺና ወንድምሽ ብቻ ስለሆናችሁ ባንቺ ኮምፒውተር ላይ ፓርቲ1 ሁሌም እሱ ነው። አንቺ ራስሽ «ፕሌየር» ነሽ፣ ቁጥር ውስጥ አትገቢም። ስለዚህ ፓርቲፔት1 ከቡቺ ውጭ ሌላ ሊሆን አይችልም።

ኤግዚስትስ ፔቱ መኖሩን ያያል፣ ኖዴድ አለመሞቱን። ሁለቱ ካልተሟሉ ማክሮው ዝም ይላል፣ ማናሽም (የአስማት ጉልበትሽ) አይባክንም።

አንድ ነገር ብቻ እወቂ። ዋንዱ ማንኛውንም አስማት ስትጀምሪ ይቆማል፤ ይሄን ማክሮ አያስቀረውም። ግን ጠላቱ አሁንም ታርጌትሽ ስለሆነ የዋንዱን ቁልፍ አንዴ መጫን ይበቃል። ታብ አያስፈልግሽም። ያልነካችሁት አውሬ የሚመጣባችሁ ታብ ስትጫኚ ስለሆነ ዋናው ችግርሽ እዚህ ላይ ያበቃል።

ለሪኒውና ለፓወር ወርድ ሺልድም የአስማቱን ስም ብቻ ቀይረሽ ተመሳሳይ ሥሪ።

ድብ_በጫካ

ቀስተኛው ያለው ትክክል ነው፤ ለሁለት ሰው ይሠራል። እኔ ግን ከመጀመሪያው ማውስኦቨር ልመጂ ነው የምለው። ነገ አምስት ሆናችሁ ደንጀን (በቡድን የሚገባበት ከባድ ቦታ) ስትገቡ አዲስ ነገር መማር አይኖርብሽም።

/ካስት [@ማውስኦቨር,ሄልፕ,ኖዴድ][] ፍላሽ ሂል

ማውስሽ ያረፈበት ወዳጅ ሂል ይደረጋል። ክሊክ የለም፤ ቀስቱን ማሳረፍና ቁልፉን መጫን ብቻ ነው። ማውስሽ ማንም ላይ ካልሆነ ባዶዋ ቅንፍ ትሠራለች፣ ማለትም ፍላሽ ሂል ያለ ማክሮ እንደሚሠራው ይሠራል።

አውሬ መሃል ቡቺን ማግኘት አቃተኝ ላልሽው፣ ማውሱ የግድ ገላው ላይ መሆን የለበትም። የደም መስመሩ ላይ ካረፈም ያው ነው። ሴቲንግ ውስጥ የፓርቲውን ፍሬም ወደ ሬይድ ዓይነት ቀይሪው፤ እዚያው «ፔቶችን አሳይ» የሚል ምርጫ አለ፣ አብሪው። ቡቺ የራሱ ሳጥን ይኖረዋል። ሳጥኑን ከእግርሽ ሥር፣ ከስክሪኑ መሃል ትንሽ ዝቅ አድርገሽ አስቀምጪው። ዓይንሽ ውጊያውን ሳይለቅ ደሙን ታያለሽ።

ይሄ ሳጥን ከማክሮው እኩል ያስፈልግሻል። ማክሮው ሂሉን የት እንደሚያሳርፍ ነው የሚያውቀው፤ መቼ እንደሚያስፈልግ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ምናልባት ቀላል ይሆናል። ይሄ ነገር አያስቀጣም? አካውንት በማክሮ ምክንያት ይዘጋል ሲባል ሰምቼ ፈርቻለሁ። ደግሞ «ደሙ ከግማሽ በታች ሲሆን ራስህ ሂል አድርግ» የሚል ማክሮ መጻፍ ይቻላል?

ጋሽ_ሽበት

አዲስ_ገቢ፣ አትፍራ ልጄ። ማክሮ መጻፊያው የጌሙ አካል ነው። /ማክሮ ብለህ ስትጽፍ የሚከፈተው መስኮት ከራሱ ከብሊዛርድ የመጣ ነው። እዚያ ውስጥ የጻፍከው አያስቀጣም። የሚያስቀጣው ከጌሙ ውጭ ያለ፣ ባንተ ፈንታ የሚጫወት ሶፍትዌር ነው። አንድ ቁልፍ ተጭኖ ብዙ አካውንት አንድ ላይ የሚያንቀሳቅሰውን ሶፍትዌርም እ.ኤ.አ. በ2020 ኅዳር አካባቢ ከልክለውታል።

ሁለተኛው ጥያቄህ አይቻልም። ታሪኩን ላስረዳህ፤ እዚያ ዘመን ነበርኩና። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ አድኦኖች (ተጫዋቾች ጌሙ ላይ የሚጨምሯቸው ፕሮግራሞች) ብዙ ሥልጣን ነበራቸው። አንድ ቁልፍ እየደጋገምክ ስትጫን አድኦኑ ራሱ ፓርቲውን አገላብጦ፣ የተጎዳውን መርጦ፣ አስማቱን ይጥል ነበር። መርዝና እርግማን የሚያነሳው ዲከርሲቭ የሚባለው አድኦን እንደዚያ ነበር የሚሠራው። ተጫዋቹ ማየትም ማሰብም አያስፈልገውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ፓች 2.0 የሚባለው ማሻሻያ መጣና ይህን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ውጊያ ላይ ኮድ ዒላማና አስማት በራሱ እንዲመርጥ አይፈቀድለትም። በምትኩ አሁን የምንጽፋቸውን የቅንፍ ሁኔታዎች ሰጡን።

ስለዚህ ቅንፍ ውስጥ መጠየቅ የምትችለው ውስን ነው። አለ ወይ፣ ሞቷል ወይ፣ ወዳጅ ነው ወይ፣ ውጊያ ላይ ነኝ ወይ፣ አልት ተጭኗል ወይ። ደሙ ስንት ነው፣ ማናዬ ስንት ቀረ፣ የሚሉት የሉም። ሆን ተብሎ ነው የቀሩት። በኔ እምነት ጌሙን ያተረፈው ያ ውሳኔ ነው። የደም መስመሩን ማንበብ የሂለር ሙያ ነው፤ እሱ ከተወሰደበት ለሂለር የሚቀረው ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር።

ለነጭ_ሻማም አንድ የድሮ ዘዴ ልንገርሽ። እናንተ ያላችሁበት ሁኔታ ላይ ከሁሉም የሚሻል ይመስለኛል፦

/ካስት [@ታርጌትታርጌት,ሄልፕ,ኖዴድ] ፍላሽ ሂል

ታርጌትታርጌት «የታርጌቴ ታርጌት» ነው። ጠላቱን ይዘሻል። ጠላቱ ደግሞ የሚመታውን ይዟል። የሚመታው ቡቺን ከሆነ ሂሉ ቡቺ ላይ ይሄዳል። ቡቺን ትቶ ወደ ወንድምሽ ከዞረ ያው ቁልፍ ወንድምሽን ያክማል። አንቺ ምንም አልቀየርሽም። ሄልፕ የሚለው ሁኔታ ደግሞ ሂሉ ወዳጅ ላይ ብቻ እንዲያርፍ ያደርጋል።

ነጭ_ሻማ

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። የርስዎ ዘዴ ልክ እንደኛ ተጫዋቾች የተሠራ ነው የሚመስለው። አሁን ግን ሦስት መንገድ ሆነብኝ። የትኛውን ልያዝ?

ቀስተኛው

ሦስቱንም በአንድ መስመር መያዝ ትችያለሽ። ከዚያ በፊት ግን ቅንፍ እንዴት እንደሚነበብ ይግባሽ፤ አንዴ ከገባሽ ማንም ማክሮ ሊጽፍልሽ አያስፈልግም።

በአንድ ቅንፍ ውስጥ ኮማ ማለት «እና» ነው። ሄልፕ፣ ኖዴድ ካልሽ ሁለቱም መሟላት አለባቸው። ቅንፍ ከቅንፍ ጎን ሲደረደር «ወይም» ነው። የመጀመሪያው ካልተሟላ ወደ ሁለተኛው ያልፋል። ሴሚኮለን ሲመጣ ደግሞ «ካልሆነ ሌላ አስማት» ማለት ነው። ጌሙ ከግራ ወደ ቀኝ እያነበበ የመጀመሪያውን የተሟላ ይወስድና እዚያው ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለውን አያየውም። ስለዚህ ማን መቅደም እንዳለበት መወሰን ያለብሽ አንቺ ነሽ።

ላንቺ እንደዚህ አደርገዋለሁ፦

#ሾውቱልቲፕ ፍላሽ ሂል
/ካስት [@ማውስኦቨር,ሄልፕ,ኖዴድ][@ታርጌትታርጌት,ሄልፕ,ኖዴድ][@ፓርቲፔት1,ኤግዚስትስ,ኖዴድ] ፍላሽ ሂል

ማውሱ ይቀድማል፤ ማውስሽን ሰው ላይ ካሳረፍሽ እሱን ነው የፈለግሽው ማለት ነውና። ማውሱ ባዶ ቦታ ላይ ከሆነ ጠላቱ የሚመታው ይታከማል። ጠላት ካልያዝሽ ቡቺ ይታከማል፤ ከውጊያ በኋላ ደሙን ስትሞይለት ይሄኛው ያገለግልሻል።

አንድ ማክሮ ከ255 ፊደልና ምልክት በላይ አይይዝም። ይሄ ይገባል። ከዚህ ብዙ አታስረዝሚው ግን። ማንን ሂል እንደሚያደርግ በራስሽ ጭንቅላት መገመት የማትችይው ማክሮ ውጊያ ላይ ያደናግርሻል።

ድብ_በጫካ

የታርጌትታርጌቱ ነገር ጎበዝ ዘዴ ነው፣ አልክድም። እሷ ግን ፒንጌ ከ200 በላይ ነው ብላለች። ይሄን ማንም አላነሳውም።

ማውስኦቨርና ፓርቲፔት1 የሚወሰኑት እሷ ኮምፒውተር ላይ፣ በተጫነችበት ቅጽበት ነው። ጠላቱ ማንን እንደሚመታ የሚነግራት ግን ሰርቨሩ ነው። ጠላቱ ከቡቺ ወደ ወንድሟ ሲዞር ወሬው አዲስ አበባ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። በዚያ መሃል ከተጫነች ሂሉ ቡቺ ላይ ይሄዳል። ፍላሽ ሂል ደግሞ የመጫኛ ጊዜ አለው፤ አንዴ ከጀመረ ጠላቱ ቢዞርም ዒላማው አይቀየርም።

ለዚህ ነው ቀስተኛው ማውሱን ማስቀደሙ ደስ ያለኝ። ነጭ_ሻማ፣ አውሬው ቦታ ሲቀያይር ካየሽ ማውስሽን ወንድምሽ ሳጥን ላይ አሳርፊና ተጫኚ። ከግምት ይሻላል።

ጋሽ_ሽበት

ድብ ያለው ልክ ነው። እኔ ስጫወት ፒንጌ ዝቅተኛ ስለነበረ ይሄ አይታይም ነበር። ከሩቅ ለሚጫወት ሰው ወሳኝ ነጥብ ነው።

በተረፈ ከሩቅ ለምትጫወቱ ሁሉ፦ ጌሙ አንዱ አስማት ሊያልቅ 400 ሚሊሰከንድ ሲቀረው የተጫናችሁትን ቀጣይ አስማት ተቀብሎ ያስከትላል። የአስማቱ መስመር ሞልቶ እስኪጠፋ አትጠብቁ። ትንሽ ቀደም ብላችሁ ተጫኑ፤ በፒንግ የምታጡትን ብዙውን እዚህ ታስመልሳላችሁ።

የቡቺ_ጌታ

ሰላም፣ ወንድሟ ነኝ። እህቴ «ና አንብብ» ብላ ነው ያስገባችኝ።

የኔም ጥያቄ ስለ ሜንድ ፔት፣ ማለትም ሀንተር የራሱን ፔት ስለሚያክምበት አስማት ነው። እሷ ማና ስታልቅባት እኔ ልደግፋት እሞክራለሁ። ግን ብዙ ጊዜ «ርቀሃል» ይለኛል፤ ሲሠራም መሃል ላይ ይቋረጣል። ታርጌት የሚጠይቅ አይመስለኝም። ታዲያ ምን ማክሮ ይረዳኛል?

ቀስተኛው

እንኳን መጣህ። ልክ ነህ፣ ሜንድ ፔት ታርጌት አይፈልግም። ጠላቱን እንደያዝክ ብትጫነው ያንተ ፔት ላይ ብቻ ነው የሚሄደው። ያንተ ችግር ሁለት ነው፤ ርቀትና ቁልፍ መደጋገም።

ርቀቱን እንይ። ክላሲክ ላይ ሜንድ ፔት የሚደርሰው 20 ያርድ ድረስ ነው። ቀስትህ ግን 35 ይደርሳል፤ ሆክ አይ የሚለውን ታለንት ከሞላህ 41። አብዛኛው ሀንተር ጥጉ ላይ ቆሞ ነው የሚተኩሰው። እዚያ ቆመህ ቡቺን ማከም አትችልም። ወደ 8 ያርድ ከተጠጋህ ደግሞ ቀስትህ አይሠራም። ስለዚህ ቡቺ ታንክ በሆነበት ውጊያ ቦታህ በ8ና በ20 መካከል ነው። ከመጀመሪያው እዚያ ቁም፤ ደሙ ሲወርድ መሮጥ አይኖርብህም። ይሄን የትኛውም ማክሮ አይፈታልህም።

ሁለተኛው መቋረጡ ነው። በክላሲክ ሜንድ ፔት ቆመህ ለ5 ሰከንድ የምትይዘው አስማት ነው። በየሰከንዱ ይሰጠዋል። ከተንቀሳቀስክ ይቆማል። መሃሉ ላይ ቁልፉን ደግመህ ከተጫንክ ደግሞ አሮጌው ይቋረጥና ሌላ ሙሉ ማና ከፍለህ ከመጀመሪያ ትጀምራለህ። ሰው ሲደነግጥ ቁልፍ ይደጋግማል፤ ያለ ነው። ለዚህ ማክሮ አለ፦

#ሾውቱልቲፕ
/ካስት [ሞድ:አልት][@ፔት,ዴድ] ሪቫይቭ ፔት; [ኖፔት] ኮል ፔት; [ኖቻነሊንግ] ሜንድ ፔት

አንድ ቁልፍ፣ ሦስት ሥራ። ቡቺ ሞቶ ከተጋደመ ያነሳዋል። ከሌለ ይጠራዋል። ካለ ያክመዋል። ኖቻነሊንግ የሚለው ደግሞ «የያዝከው አስማት ካለ አትጀምር» ማለት ነው። አሥር ጊዜ ብትጫነው ሜንድ ፔትህ አይቋረጥም።

አልቱ ለምን ገባ ካልክ፣ ቡቺ ከሞተ በኋላ ሬሳው የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ርቀህ ከሄድክ ለምሳሌ። ያኔ ጌሙ «ፔት» የሚለው ነገር ስለሌለ «ሞቷል ወይ» ለሚለው ጥያቄም «አይ» ይላል። ማክሮው ወደ ኮል ፔት ያልፍና ፔትህ ሞቷል የሚል መልእክት ይመጣብሃል። ኮዱ ያንን ማወቅ አይችልም። አልት ይዘህ ትጫናለህ፣ ሪቫይቭ ይጀምራል። ብዙ ሀንተር እዚህ ላይ ማክሮው ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል፤ አልተበላሸም።

ሪቫይቭ ፔት ግን 10 ሰከንድ ቆመህ የምትጠራው ነው። ውጊያ መሃል ይደርሳል ብለህ አትተማመንበት።

የጥላ_ጌታ

ዋርሎክ (ፔቱ ጋኔን የሆነ ጠንቋይ) የሆነ ካለ፣ ያው ሐሳብ ፔቱን ለሚያክምበት ለሄልዝ ፈነልም ይሠራል።

/ካስት [ኖቻነሊንግ] ሄልዝ ፈነል

እሱም ለፔትህ ብቻ ስለሆነ ታርጌት አይጠይቅም። ከሀንተሩ የሚለየው ዋጋው ማና ሳይሆን የራስህ ደም መሆኑ ነው። ስለዚህ ውጊያ ሲያልቅ ደሜን እየከፈልኩ ፔቴን፣ ቮይድዎከሬን፣ አላክምም፤ ኮንሲውም ሻዶስ የሚለውን የራሱን ችሎታ አስጀምረዋለሁ። እሱም በማክሮ ይጠራል፤ /ካስት ኮንሲውም ሻዶስ ብለህ ከጻፍክ ፔቱ ራሱ ያደርገዋል። የፔቱን ባር መፈለግ አይኖርብህም።

አብሮህ ሂለር ካለ ደግሞ ሄልዝ ፈነል ስትጀምር ንገረው። ሳይታሰብ ሁለታችሁም ደማችሁ ሲወርድ ያያል፤ ማንን ልያዝ ብሎ ይደናገጣል።

ኮከብ_12

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኛ ብቻ የሚገጥመን ነው። የአማርኛ ኪቦርድ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያላችሁ ሰዎች ማክሮ ስትጽፉ በደንብ እዩ። ቃላቱ በአማርኛ ከመጡ ወዲያው ታዩታላችሁ። የማይታየው ሥርዓተ ነጥቡ ነው። ቃሉን በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ መሃል ላይ ኪቦርዱ ከተቀየረ ኮማው ነጠላ ሰረዝ ይሆናል፣ ሴሚኮለኑ ድርብ ሰረዝ። ጌሙ ሁለቱንም አያውቃቸውም። ማክሮው ላይ ስታዩት ግን ሁሉም ነገር በቦታው ያለ ይመስላል። ጌሙን ከመክፈታችሁ በፊት ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱት፣ እዚያው ተዉት።

የአስማቱ ስምም ፊደሉ አንድ በአንድ ልክ መሆን አለበት። ከመጻፍ ይልቅ የአስማት መጽሐፋችሁን ክፈቱና ማክሮ መስኮቱ ክፍት ሆኖ ሺፍት ይዛችሁ አስማቱን ክሊክ አድርጉት። ስሙ ራሱ ይገባል።

ነጭ_ሻማ

ቤተሰብ፣ ሠራ! ቀስተኛው የጻፈውን አስገባሁት። ታርጌቴ ንቅንቅ አይልም። ቡቺን ከሦስት አውሬ መሃል ፍለጋም ቀረ፤ ሳጥኑን ድብ እንዳለው ከመሃል ዝቅ አድርጌዋለሁ።

አሁን ሌላ ነገር መጣ። ሂሉ ሲቀለኝ አውሬዎቹ ቡቺን ትተው እኔ ላይ መምጣት ጀመሩ። በተለይ ውጊያው ገና ሲጀመር። ማክሮው ጋር ይያያዛል?

ጋሽ_ሽበት

ከማክሮው አይደለም፤ ፍጥነትሽ ስለጨመረ ነው። ሂል ራሱ አውሬ ያስቆጣል። በክላሲክ በሂል ከመለስሽው ደም ግማሹ ያህል ቁጣ ሆኖ ይቆጠርብሻል፤ ውጊያው ውስጥ ላሉት አውሬዎችም ይከፋፈላል። ሦስት አውሬ ካለና ቡቺ አንዱን ብቻ ነክቶ ከሆነ የቀሩት ሁለቱ የሚያውቁት አንቺን ብቻ ነው። ስለዚህ ይመጣሉ።

ቡቺ አውሬውን ወደ ራሱ የሚስብበትን፣ ግራውል የሚለውን ችሎታ በየ5 ሰከንዱ ነው የሚጠቀመው። ጊዜ ስጪው። የመጀመሪያው ግራውል እስኪያርፍ ትልቅ ሂል አትጣይ። ከደሙ በላይ የፈሰሰ ሂል ግን ቁጣ አይቆጠርበትም፤ ማናሽን ብቻ ነው የሚበላው።

በነገራችን ላይ ፓወር ወርድ ሺልድን ለፔት ተጠቀሚበት። ዋሪየር ታንክ ላይ ሺልድ ስታደርጊ ተጫዋቹ ይቆጣሻል፤ ካልተመታ ሬጁ (የሚሠራበት ኃይል) አይሞላም። የሀንተር ፔት ግን የሚሠራበት ፎከስ ተመታም አልተመታ ራሱ ይሞላል። ቡቺ ላይ ሺልድ ብታደርጊ ግራውሉ አይጎዳም። ከውጊያው በፊት ሺልድ፣ ግራውል ሲያርፍ ሪኒው፣ ፍላሽ ሂል ሲያስፈልግ ብቻ።

ድብ_በጫካ

በጋሼ ላይ ልጨምር። ክላሲክ ስለሆነ የአስማቱን ዝቅ ያለ ራንክ (ደረጃ) ማክሮው ውስጥ መጻፍ ትችያለሽ። ፍላሽ ሂል ብለሽ ብቻ ከጻፍሽ የምታውቂውን ትልቁን ራንክ ነው የሚጥለው። ከስሙ ቀጥሎ በቅንፍ ራንክ 2 ብለሽ ከጻፍሽ ሁለተኛውን ይጥላል። ቡቺ ትንሽ ከተጎዳ ትንሹ ይበቃዋል። ቁጣውም ማናውም ይቀንሳል።

እኔ ትንሹን ቁልፉ ላይ፣ ትልቁን ሺፍት ይዤ አደርገዋለሁ፦

/ካስት [ሞድ:ሺፍት,@ማውስኦቨር,ሄልፕ,ኖዴድ] ሂሊንግ ታች; [@ማውስኦቨር,ሄልፕ,ኖዴድ] ሂሊንግ ታች(ራንክ 3)

እኔ ድብ መሆን የሚችል ድሩይድ ነኝ፤ ይሄ የድሩይድ አስማት ስለሆነ አንቺ ስሙን በራስሽ አስማት ተኪው። ማና ካወጣሽ በኋላ ለ5 ሰከንድ የስፒሪት ማናሽ መሞላት ያቆማል። ስለዚህ በየጊዜው ትንንሽ ሂል ከመርጨት ሪኒው ለጥፎ ዝም ብሎ ማየት ብዙ ጊዜ ይሻላል። ሪኒው ለ15 ሰከንድ ይሠራልሻል፤ አንቺ በዚያ መሃል በዋንድሽ ትመቻለሽ።

የቡቺ_ጌታ

ሞከርነው። ከ8 እስከ 20 ያርድ ያለው ቦታ ላይ መቆም ብዙ ነገር ቀይሮልናል። እኔ መቼ ሜንድ ፔት ልጀምር የሚለውንም ተስማምተናል፤ እህቴ ማናዋ ሩብ ሲደርስ ትነግረኛለች፣ ከዚያ እኔ እይዛለሁ።

አሁን ሦስት ሰው ልንጨምርና ደንጀን ልንገባ ነው። አንዱ ዋርሎክ ነው። የሷ ማክሮ ፓርቲፔት1 ይላል። ዋርሎኩም ፔት ስላለው ይጋጫል?

ቀስተኛው

ሊጋጭ ይችላል። አምስት ስትሆኑ ፓርቲ1 አንተ መሆንህ ዋስትና የለውም። አንድ ሰው ወጥቶ ሌላ ሲገባ ቁጥሩ ሊቀየር ይችላል፣ የእሷ ቁጥርና ያንተ ቁጥርም አይመሳሰልም። ፓርቲፔት1 የሰውን ስም አያውቅም፤ ተራውን ነው የሚያውቀው።

ለደንጀን ሁለተኛ ማክሮ ትሥራ፤ የመጨረሻውን ቅንፍ አውጥታ በቦታው [@ፎከስ,ሄልፕ,ኖዴድ] ታስገባ። ይሄ ፎከስ የፔቱ ጉልበት አይደለም፤ ታርጌቷን ሳትለቅ ለብቻ የምትይዘው ሁለተኛ ዒላማ ነው። ይሄ የማይሠራበት የክላሲክ ዓይነት ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ቅንፉን ዝም ብላ ታውጣው፤ ማውሱ ይበቃታል። እውነተኛ ታንክ ስለሚኖራችሁም አንተ የቡቺን ግራውል ኦቶካስት (በራሱ መጠቀሙን) አጥፋ። በራይት ክሊክ ይጠፋል። ካላጠፋኸው ቡቺ አውሬውን ከታንኩ እጅ ይነጥቃል፤ እህትህም ሁለት ታንክ በአንድ ማና ልትይዝ ነው።

ማክሮዎቹን የቻራክተሯ ታብ ሥር ታስቀምጣቸው። አንዱን «ከወንድሜ ጋር»፣ ሌላውን «ደንጀን» የሚመስል አጭር የእንግሊዝኛ ስም ትስጣቸው። ከመግባታችሁ በፊት በር ላይ ሆናችሁ አንዴ ሁላችሁም ላይ ማውሷን እያሳረፈች ሪኒው ትለጥፍ። ሁሉም ላይ ካረፈ ግቡ።

ነጭ_ሻማ

ፎከሱን አሁኑኑ አያለሁ። ቅዳሜ ማታ በኛ ሰዓት እንገባለን፤ አንድ ቦታ ክፍት ነው። ታንክ የሆነ ሰው ካለ እዚሁ ጻፉልኝ።

ድብ_በጫካ

ድብ ሆኜ እመጣለሁ። ግራውሉን ግን አጥፉልኝ።